ያረምኩት ስም

የምሥራቹን የነገሩኝ የኮሌጃችን የበር ጥበቃ ጋሽ ይበልጣል ናቸው። የሰኔ ጾም ስለነበር በምሳ ሰዓት የምወጣው ለመብላት ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ነበር። ማክሰኞ ዕለት ጃንጥላዬን እያራገፍኩ በበሩ ስገባ ከመጠለያቸው ብቅ ብለው መንገዴን ዘጉ።

«የምሥራች።»

«ምስር ይብሉ ጋሽ ይበልጣል። ምን ተገኘ?»

«ስምሽ ተለጥፏል።»

«ምን አጥፍቼ?»

ሳቁብኝ። እኔ ግን እውነቴን ነበር። በእኛ ግቢ ሰሌዳ ላይ ስሙ የሚለጠፍ ሰው ወይ ከሥራ ቀርቷል፣ ወይ የወሰደውን ንብረት አልመለሰም።

«ሂጂና ራስሽ አንብቢው» አሉኝ። «ምስሩን ግን በአፍ ብቻ እንዳታስቀሪው። ጾም ነው፤ ምስር ይበላል።»

ሰሌዳው ፊት ሰው ተኮልኩሏል። በትከሻ መሀል አንገቴን አሾልኬ አነበብኩ። «የዓመቱ ምስጉን ሠራተኞች ዕጩዎች» ይላል። ከአስተዳደር ዘርፍ ያለው ስም የእኔ ብቻ ነው። አጠገቡ ምክንያቱ ተጽፏል፦ «በሬጅስትራር ክፍል ባገለገለችባቸው ዐሥራ ሁለት ዓመታት በሰነድ ላይ አንድም ስሕተት ያልተገኘባት።» ከግርጌው ደግሞ በዕጩዎች ላይ ቅሬታ ያለው ሰው እስከ ሐሙስ ዐሥራ አንድ ሰዓት በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ ሽልማቱም ዐርብ እንደሚሰጥ ይናገራል።

ምስጉን የሚለውን ቃል እኔ የማውቀው ከጸሎት ነው። ከስሜ ጎን ሳየው ደነገጥኩ፤ ደስም አለኝ። ደስታው ከድንጋጤው ይበልጥ እንደነበር አልደብቃችሁም።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ትንሽ ላስረዳ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር የመጣሁት በሃያ አራት ዓመቴ፣ በማስታወቂያ ተወዳድሬ፣ አንድም ዘመድ ሳይኖረኝ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሱቅ ታፔላ ላይ የተሳሳተ ፊደል ካየ ገብቶ ባለሱቁን ሳያነጋግር አያልፍም ነበር። «ፊደል የሚያሳስት ሚዛንም ያሳስታል» ይላል። እኔም የወረስኩት ይህንኑ ነው። ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል እኖራለሁ፤ ኑሮዬ ሥራና ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ሐይቁ ዳር ጥቂት እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ያስቸገረኝ አንቱታው ነበር። ድሬ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ብለን ነው ያደግነው። እዚህ አንድ አዛውንት መምህር «አንተ» ብዬ ቢሮው በሙሉ ጸጥ ያለበት ቀን አይረሳኝም። ከዚያ ወዲህ በቃልም በጽሑፍም ጠንቃቃ ሆንኩ። ወረቀት ሦስት ጊዜ ሳላነብ አልፈርምም። ባልደረቦቼ «ጽጌ ካየችው አልቋል» ይሉ ነበር፤ እኔም ሲሉ እየሰማሁ ዝም እል ነበር።

ከሥራ ስወጣ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«አንድም ስሕተት?» አለች። «አንቺ? ወጥ ሁለቴ ጨው የምታደርጊው?»

«እማ፣ በሰነድ ነው እንጂ በወጥ አይደለም።»

«እሺ ይሁን። ሽልማቱ ወደ ቤት ያመጣሻል?»

«አያመጣኝም።»

«እንግዲያው ስትሸለሚ ፎቶ ላኪልኝ፤ ለጎረቤት ላሳይ። ልጅሽ እዚያ ሩቅ አገር ምን ይዟት ቀረች ሲሉኝ መልስ አጥቼ ነው የኖርኩት።»

ንግግሯ ልቤ ውስጥ ቀረ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ከእሷ ርቄ የኖርኩበትን ምክንያት በአንድ ፎቶ ላሳያት ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

ረቡዕ ጠዋት የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ደሳለኝ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የተሸላሚዎቹ ማኅደሮች ተደርድረዋል።

«የምስክር ወረቀቶቹ ሊታተሙ ነው» አሉኝ። «የሌሎቹን ስም አንቺ ሳታዪው አላሳትምም። ከየማኅደራቸው ጋር አመሳክሪልኝ።»

ተቀምጬ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። አንዱ ማኅደር ብቻውን ለብቻ ተቀምጧል፤ ሽፋኑ ላይ «ስም አይመሳሰልም። ከዕጩነት ተሰርዟል። ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይመራ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ይሄስ?» አልኳቸው።

«እሱን ተዪው። በብየዳ ወርክሾፕ የኮንትራት ረዳት ነው። ባልደረቦቹ በሙሉ ድምፅ መርጠውት ነበር። ያቺ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሠለጥን ልጅ አለች አይደል፣ ለእሷ ከፍ ዝቅ የሚል የብየዳ ጠረጴዛ ከውዳቂ ብረት የሠራላት እሱ ነው። በኮንትራት ዘርፍ የተሸለመ ደግሞ ለቋሚ መደብ ሲወዳደር ቅድሚያ ያገኛል። ምን ያደርጋል፤ ማስረጃው የእሱ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የሟች» ብለው ፈገግ አሉ። «የልጁ መታወቂያ ‹አረፍሁ ዳኘው› ይላል። ከዚሁ ኮሌጅ የሠለጠነበት የምስክር ወረቀት ግን ‹አረፉ ዳኘው› ነው የሚለው። አረፉ የሚባሉ ሰውዬ ወረቀት አንሥቶ ነው የገባ፤ ስማቸው ራሱ ይመሰክራል። በዚህ ሰሞን ሐሰተኛ ማስረጃ ስናጣራ ስንቱን አየሁ መሰለሽ። እስከ ነገ ዐሥራ አንድ ሰዓት ካላስረዳ ውሉ ይቋረጣል። ከዚያ ለሕግ ነው።»

ወረቀቱን አነሣሁት። «ያዘጋጀው» ከሚለው መስመር ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ የተፈረመ።

ሰውየው ወዲያው ትዝ አለኝ ብል እዋሻለሁ። ትዝ ያለኝ እርማቱ ነው። የመጀመሪያው መስከረም ነበር፤ ከመጣሁ ሁለት ወር እንኳ አልሞላኝም። ሠልጣኞቹ በእጃቸው የሞሉትን ፎርም ወደ መዝገብ እገለብጥ ነበር። ከአንዱ ፎርም ላይ «አረፍሁ» የሚል አነበብኩና በልቤ «ምስኪን፣ ፉን መጻፍ አቅቶት ፍሁ ብሎ ዘረዘረው» አልኩ። ጓደኞቹ እንዳይስቁበትም አዘንኩለት። በደግነት ነው ያረምኩት። እኛ «አረፍኩ» እንላለን። እዚህ አገር «ሄድሁ፣ ደከምሁ፣ አረፍሁ» እንደሚባል ጆሮዬ ገና አልለመደም ነበር። ጆሮዬ ከለመደ በኋላ ደግሞ ያ ስም አልታወሰኝም።

ለአቶ ደሳለኝ ምንም ሳልናገር ወደ ብየዳ ወርክሾፑ ሄድኩ። በሩ ላይ አንዱ ባልደረባ አየኝና ወደ ውስጥ ተጣራ።

«ነፍስ ይማር፣ ሬጅስትራር መጥታልሃለች።»

ከጥግ አንድ ሠላሳዎቹን የጀመረ ቀጭን ሰው የብየዳ ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ተነሣ። እጁን በጨርቅ ጠረገና ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።

«ለምንድን ነው እንዲህ የሚሉህ?» አልኩት።

«ሠልጣኝ እያለን የወጣ ነው። ወረቀቴን ያየ አንድ ጓደኛዬ፣ አረፉ ከተባለ ነፍስ ይማር ማለት ወግ ነው ብሎ አወጣልኝ። ተለምዷል።»

«አረፍሁ፣ ያ ስሕተት የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ እትዬ ጽጌ።»

«ታውቃለህ?»

«ፊርማው የእርስዎ አይደል? መጥቼም ነበር እኮ። ወረቀቱን በተቀበልሁ በሳምንቱ መስኮትዎ ላይ ቆሜ ስሜ ተሳስቷል አልሁዎት።»

«ምን አልኩህ?»

ጨርቁን እጁ ላይ ጠቀለለው፤ ፈታው። ሊነግረኝ አልፈለገም። ቆሜ ስጠብቀው ግን ተናገረ።

«‹አንተ ራስህ የጻፍከው ነው፤ እኛ ስም አንፈጥርም› አሉኝ። ቀና ብለውም አላዩኝ። ሰልፉ ብዙ ነበር፤ ደክሞዎት ይሆናል።»

እርማቱን ለራሴ ይቅር ማለት እችል ይሆናል፤ እንግዳ ነበርኩ፣ አላወቅኩም። ይህን ግን ምን ልበለው? ፎርሙ ከጀርባዬ ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ተነሥቼ ማየት ብቻ ነበረብኝ።

«ታዲያ አሁን ለኮሚቴው ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? የእርስዎ ስም ‹አንድም ስሕተት› ተብሎ ተለጥፏል። በዚህ በኩል የተመሰገነች ሬጅስትራር፣ በዚያ በኩል ሟች። ለማን ይፈረዳል?» ሳቀ፤ እኔ ግን አልቻልኩም።

ከዚያ ሳልጠይቀው ስለ ስሙ አጫወተኝ። እናቱ ከእሱ በፊት አራት ልጆች ቀብራለች። እሱ አርባ ቀኑን አልፎ ክርስትና ሲነሣ «እንግዲህ አረፍሁ» አለች፤ መጠሪያው ያው ሆነ። አሁን በቆጋ መስኖ ድንች እያለማች ትኖራለች። የምስክር ወረቀቱን ኮፒ በፍሬም አድርጋ ከቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች።

«ፊደል አትለይም» አለኝ። «ማንበብ የሚችል እንግዳ ሲመጣ በርጩማዬን እዚያ ሥር አስጠግቼ ጭንቅላቴን እደግፍበታለሁ። ስሙን እሸፍነዋለሁ። ከእንግዳው አንዱ ‹እመት፣ አረፉ የሚል ነው እኮ› ቢላት ምን ትሆናለች? ለሞት አልሰጥም ያለችውን ልጅ እርስዎ በአንድ ፊደል ቀበሩባት እኮ እትዬ።»

ይህን ያለው በክፋት አይደለም። ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላና ሐሙስ ጠዋቱን መዝገብ ቤት አሳለፍኩ። የድሮ ፎርሞች በየዓመቱ በሲባጎ ታስረው ተደራርበዋል፤ ከታች ያሉት እርጥበት ገብቷቸው እርስ በእርስ ተጣብቀዋል። ልክ ስድስት ሰዓት ሲል አገኘሁት። በሚያምር፣ በተረጋጋ እጅ «አረፍሁ ዳኘው» ተብሎ ተጽፏል። ከላዩ «ፍሁ» በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ «ፉ» ተተክቶበታል። ቀዩ እስክሪብቶ የእኔ ነው። አባቴ ደብተሬን የሚያርመው በቀይ ስለነበር እኔም እንደሱ ነበርኩ።

ከዚያው እስር ውስጥ ሌላም ቀይ፣ ከሱ ሥር ሌላም ቀይ አየሁ። ያን ቀን ግን ልቆጥራቸው ድፍረት አላገኘሁም። የአረፍሁን ብቻ ይዤ ወደ አቶ ደሳለኝ ሄድኩ።

ፎርሙን ከምስክር ወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጁን በከንቱ ጠረጠርሁት» አሉ። «ደግ አደረግሽ። እንግዲህ የሚሆነውን ልንገርሽ። ዛሬ የጽሕፈት ግድፈት ነው ብዬ አንድ መስመር ጽፌ የዲሲፕሊኑን ክስ አቋርጠዋለሁ። የማን ግድፈት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንቺም ነገ ሽልማትሽን ትቀበያለሽ።»

«ዕጩነቱስ?»

«እሱ ለከርሞ ይሁን። ስሙን አውጥተን መልሰን ብንለጥፍ ለምን ወጣ፣ ለምን ገባ ይባላል፤ ምክንያቱን መለጠፍ ግድ ይሆናል። ምክንያቱ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«ከርሞ ውሉ ይኖራል?»

እጃቸውን ዘረጉ። «የኮንትራት ነገር ነው። እሱን እግዜር ያውቃል።»

ላስብበት ብዬ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ያሰብኩትን ሳልቀንስ ልንገራችሁ። የሰሌዳው ጽሑፍ «አንድም ስሕተት ያልተገኘባት» ይላል እንጂ «ያልሠራች» አይልም። ቃል በቃል ከወሰድነው ልክ ነው፤ እስከ ትናንት አልተገኘብኝም። እኔ ጠንቃቃዋ፣ ቃሉን አጥብቄ ያዝኩት። እናቴን አሰብኩ፤ ፎቶውን አሰብኩ። ልጁ ከክስ ነፃ ወጥቷል፣ ምን ቀረበት አልኩ። ጸሎት ልጀምር ስል ደግሞ አፌ ላይ የመጣው «እኛ ስም አንፈጥርም» የሚለው የራሴ ቃል ሆነ። ስሕተቱ እኮ ተገኝቶብኝ ነበር። ያገኘው ሰው መስኮቴ ላይ ቆሞ ነገረኝ፤ እኔ ነኝ የመለስኩት።

ተመልሼ ገባሁና የቅሬታ ማቅረቢያ ቅጽ እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ።

«በማን ላይ?» አሉ አቶ ደሳለኝ።

«በራሴ።»

«ጽጌ፣ እባክሽ።» ቅጹን አገላብጠው ተመለከቱ። «በዚህ ሥራ ስኖር እንዲህ ያለ አልገጠመኝም። ይኸው፣ ‹ቅሬታ አቅራቢው ከዕጩው ጋር ያለው ግንኙነት› የሚል ቦታ አለ። ምን ብለሽ ልትሞዪው ነው?»

«‹የቅርብ ዘመድ› ልበል?»

ያን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ስስቅ እንባዬ መጣ። ሞላሁት፤ ፈረምኩ፤ የአረፍሁን ፎርም አያያዝኩበት። ሦስት ጊዜ ግን አላነበብኩትም። ዐሥር ተኩል ላይ ገቢ ሆነ። በሦስቱ ቀናት ውስጥ ለኮሚቴው የቀረበ ብቸኛ ቅሬታ እሱ ነበር።

ዐርብ ጠዋት ሰሌዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። የእኔ ስም ወጥቶ የአረፍሁ ገብቷል፤ ምክንያቱም ሳይሸፋፈን ተጽፏል። አዳራሽ ስገባ የሚያየኝም የማያየኝም ነበረ። ከኋላዬ የተቀመጠች የሥራ ባልደረባዬ ለጎረቤቷ «ከሽልማቱ ጽድቁ ይበልጣል ብላ ነው» ስትል ሰማሁ። ያመመኝ ሐሰት ስለሆነ አይደለም፤ እኔም ከሌሊቱ ጸሎት ጀምሮ ራሴን የጠየቅኩት ይህንኑ ስለነበረ ነው። ራስን ማዋረድም እኮ ሌላ ውዳሴ ከንቱ ሊሆን ይችላል። እስከ ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም።

ተሸላሚዎቹን የሚጠራው ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ ወጣት አሠልጣኝ ነበር። የኮንትራት ዘርፍ ሲደርስ ወረቀቱን ወደ ዐይኑ አቅርቦ «አቶ... አረፉ ዳኘው» አለ።

ከኋላ ረድፍ የብየዳ ወርክሾፑ ሰዎች፣ ሳይቆጡ፣ እንደ ክፍል ተማሪ በአንድ ድምፅ «ፍሁ» አሉ።

«ይቅርታ፣ አረፍሁ» አለ አሠልጣኙ። አዳራሹ ሳቀ። አረፍሁም እየሳቀ ወጣ። ወረቀቱን ሲቀበል ፍሬሙን ከፍ አድርጎ ስሙን ብቻ አነበበ፤ ምስጋናውን አላነበበም።

በዚያው ቀን ለእናቴ ፎቶ እንደማልልክ ነገርኳት፤ ለምን እንደሆነም አልደበቅኳትም። 

«የልጁ እናት ሰማች?» አለችኝ።

«ግድግዳው ላይ ያለውን? አልሰማችም። አሁን ይቀይረዋል።»

«ይሻላል» አለች። ስለ ፎቶው ደግማ አላነሣችም።

አረፍሁ ከጥቂት ወራት በኋላ በውድድር ቋሚ ሆነ። ዛሬም ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፤ ወዳጆች ሆነናል ብዬ ግን አላሳምረውም። እኔ በሦስት ቀን ያለፍኩበት ነገር በእሱ ላይ ከዐሥር ዓመታት በላይ ሲሠራበት የኖረ ነው።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ቀይ እስክሪብቶ መያዝ ተውኩ፤ ይህ ቀላሉ ነው። መስኮቴ ላይ የሚቆመውን ሁሉ «እናትህ እንዴት ብላ ነው የምትጠራህ?» እለዋለሁ፤ ሲናገር አፉን አያለሁ፤ ከዚያ እጽፋለሁ። ሰልፉ ይረዝማል፤ ያጉረመርማሉ። አንዳንዱ «የሬጅስትራሯ ንስሐ» እያለ እንደሚቀልድ አውቃለሁ።

ለነፍስ አባቴ ነገሩን ሳጫውታቸው እንዲያጽናኑኝ ጠብቄ ነበር። ሰምተው ሲያበቁ «የሌሎቹንስ?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በማግሥቱ ወደዚያ እስር ተመለስኩና ቀይ ያረፈባቸውን ሁሉ አወጣሁ። ከአረፍሁ ሌላ ሰባት ነበሩ። ስድስቱን በስልክም በሰውም አፈላልጌ አገኘኋቸው። አንደኛው ስሙን እንደ እኔ እርማት ቀይሮ መታወቂያ አውጥቷል፤ «ደክሞኝ ነው» አለኝ።

ሰባተኛዋን አላገኘኋትም። ፎርሟ ላይ «ዳንሁ መኳንንት፣ ከጎርጎራ» ይላል፤ የመስተንግዶ ሠልጣኝ ነበረች። እኔ «ዳኑ» አድርጌዋለሁ። ስልኳ አይሠራም። እሷን ግን አስታውሳታለሁ፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላ መስኮቴ ላይ ቆማ አንድ ነገር ብላኝ ነበር፤ ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ «ቀጥሎ!» የሚል ቃል ነው ከአፌ የወጣው።

በዚያ ሰልፍ ላይ ከኋላዋ ቆማችሁ የነበራችሁ፣ አብራችኋት የሠለጠናችሁ፣ በጀልባም በመንገድም ወደ ጎርጎራ አብራችኋት የተመላለሳችሁ፣ ዛሬ የት እንዳለች የምታውቁ ካላችሁ ንገሩልኝ። የተስተካከለው ወረቀቷ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ማኅተሙን ግን አላሳረፍኩበትም። እባካችሁ ትምጣና ስሟን በራሷ አፍ ትንገረኝ።